ማክሰኞ ያገኘሁት ስንጥቅ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሜሮን ከወሰን ሰፈር ወደ አያት ሰፈር ይዛኝ ስትሄድ መኪናዋ ዳገቱ ላይ አስቸገራት። ነዳጁን ትረግጣለች፣ መኪናው እንዳልሰማ ሆኖ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ድንገት ወደፊት ይወረወራል። "ጋሼ፣ ሦስት ጋራዥ ወስጄዋለሁ" አለችኝ። "ኮምፒውተር ሰክተው ያዩና ምንም የለውም ይሉኛል። ቱርቦ ስለሆነ ይሆን እንዴ?"

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ወደ ውጭ ሰጠሁ። ሞተሩ ሲጨነቅ ከሥሩ ቀጭን የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል። ሳላስበው ሳቅሁ።

"ደግሞ ምን ያስቃል?" አለች ሜሮን።

ያሳቀኝ መኪናው አልነበረም፤ አሰግድ የሚባል ሰው ነው። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ነፍስ ይማር ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከአንገት በላይ ካልሆነ በቀር ብዬው አላውቅም።

በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለሁ፣ መገናኛን አለፍ ብሎ በኮተቤ መንገድ ላይ በነበረ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ግቢው ሰፊ ነው። ጠዋት ጠዋት ከየካ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን የናፍጣው ሽታ ሁሉን ይውጠዋል። አሰግድ የጋራዡ ኃላፊ ነበር። ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ለስድስት ወር ኮርስ ተልኮ ከተመለሰ ወዲህ እጁን ዘይት ነክቶት አያውቅም። ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ የደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይደረድራል፣ "እኛ በተማርንበት አገር" ሳይል ወሬ አይጀምርም። ጎማ ሲተነፍስ እንኳ እኛ በተማርንበት አገር ይል ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን እንስቅበትና እናልፈው ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይቆምና አዳራሽ እንሰበሰባለን። አንዱ የሌላውን ጥፋት ያነሣል፤ ስሙ የተነሣው ሰው ደግሞ ተነሥቶ በራሱ አንደበት ራሱን ይወቅሳል። ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የጭነት መኪናችን ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ቦይ ገባ። እግዜር ሲያወጣ ሰው አልተጎዳም። ያረጀውን የፍሬን ጎማ መልሼ እንድገጥመው ያዘዘኝ አሰግድ ነበር። አይሆንም ብዬ ስከራከረው "ግጠም ተብለሃል፣ ግጠም!" ብሎኛል። ዓርብ ሲደርስ ግን ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "በደምሴ ቸልተኝነት ነው" አለ። ያኔ ቸልተኝነት ደግ ቃል ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው አሻጥር ነው፣ ከአሻጥር ቀጥሎ ደግሞ እስር ቤት። ስለዚህ ተነሣሁና አርባ ሰው ፊት ያላጠፋሁትን ጥፋቴ ነው አልኩ። ድምፄ ሲያንስ አሰግድ ፊቱን እንኳ ሳያዞር "አልተሰማም፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ" አለኝ። ከፍ አደረግሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መፍቻ ተከለከልኩና ሞተር አጣቢ ሆንኩ። ሽቦ ብሩሽ ይዤ የደረቀ ጭቃና ቅባት ስፈትግ የአሰግድን ፊት የምፈትግ ይመስለኝ ነበር። ሰው ለጸሎት እንደሚተጋ እኔ ለበቀል እተጋ ነበር። ቀኑን ብቻ አላወቅሁትም።

ቀኑን ያመጣልኝ የዋና ኃላፊያችን መኪና ነው። በናፍጣ የሚሠራ ነጭ ቱርቦ ነበር። ቱርቦ ያኔ ለእኛ ብርቅ ነው፤ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚያጭቅ ዕቃ መሆኑን የተረዳነው ጥቂቶች ነበርን። መኪናውን የሚነዳው ጋሼ ሸሪፍ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ላምበረት የሚኖር፣ የስድስት ልጆች አባት ነበር። መኪናውን በራሱ የአንገት ልብስ ይወለውለው ነበር።

ከጋሼ ሸሪፍ ጋር ምሳ ተጋሪዎች ነን። በሌላው ቀን እሱ ከምሳ ዕቃው፣ እኔም ከምሳ ዕቃዬ ጎን ለጎን እንበላለን፤ ሥጋችን ለየቅል ነውና። ረቡዕና ዓርብ ግን እኔ ስለምጾም ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ ያን ቀን ምሳችን አንድ ሳህን ላይ ይገለበጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ለካህናቱ ትቼ እኔ በስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አማትባለሁ፣ እሱ ቢስሚላሂ ይላል። የባለቤቱ ሽሮ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የማይሳሳበት ነበር። "ብላ እንጂ ልጄ፣ ጾም የያዘው አንተን ነው ወይስ እጅህን?" ይለኛል ስዘገይ።

መሥሪያ ቤቱ እንጦጦ ላይ የችግኝ ጣቢያ ስለነበረው ኃላፊው በየሳምንቱ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ። ጥቅምት ሲጋመስ መኪናው ዳገቱን እምቢ አለ። ሲረገጥ ያመነታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ይነጥቃል፣ እንደገና ያመነታል። ኃላፊው እንጨት የጫኑ አህዮች ቀደሙኝ ብለው ተቆጡ። አሰግድ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ ሞተሩን አስጮኸው፤ እንከን የለውም። እስከ መገናኛ ሜዳ ሜዳውን ነድቶት ተመለሰ፤ እንከን የለውም።

"መኪናው ጤነኛ ነው" አለ እኛ ሁላችን እየሰማን። "የሚታመመው ሸሪፍ ሲነዳው ብቻ ነው። እኛ በተማርንበት አገር እንዲህ ዓይነቱ የነዳጅ ችግር ነው የሚባለው።"

ነዳጅ በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነበር። የአሰግድ ሐሳብ በማግስቱ በጽሑፍ ወጣ፤ ሾፌሩ ናፍጣውን እየሸጠ በላምባ ሞልቶታል የሚል ነው። ቃሉም ቸልተኝነት አልነበረም፤ አሻጥር ይላል። ጋሼ ሸሪፍ ዓርብ ቀርቦ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ። ካመነ ምናልባት ይቀልለት ይሆናል፤ ከካደ ግን ጉዳዩ ወደማይመለስበት ቦታ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሞተሩን እንዳጥብ ታዘዝኩ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስድ፣ የክንድ ውፍረት ያለው የጎማ ቱቦ አለ። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ጨርቄን ይዤ እጄን ከሥሩ ስሰድ፣ እጥፋቱ ላይ ጣቴ ቅባት የነካው ጥቀርሻ ነካ። ጠምዘዝ ሳደርገው የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አፉን ከፈተ፤ ስለቀው ተመልሶ ገጠመ። በአንዴ ገባኝ። ሞተሩ ሸክም ከሌለበት ቱርቦው አየር አያጭቅም፣ ቱቦውም አይነፋም፣ ስንጥቁም እንደተዘጋ ይቀራል። ዳገት ላይ ግን ሲነፋ ይከፈታል፣ አየሩ ያመልጣል፣ ናፍጣው ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ይሆናል። አሰግድ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሞተር ቢያስጮህ እስከ ፋሲካ አያገኘውም ነበር።

ጨርቄን አጥቤ አሰጣሁና ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ያን ቀን ብናገር ኖሮ አሰግድ "እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር" ብሎ በአንድ ሰዓት ቱቦ ያስቀይራል፣ ይመሰገናልም። እኔ የፈለግሁት ዓርብን ነው። የፈለግሁት አርባውን ሰው ነው።

ረቡዕ እንደ ልማዳችን ምሳችንን አንድ ላይ ገለበጥን። ጋሼ ሸሪፍ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ይዞ ቆየና መልሶ አስቀመጠው። "አልወርድ አለኝ" አለ። "በአላህ እምላለሁ ደምሴ፣ አንዲት ጠብታ ላምባ አልጨመርኩም።" አውቃለሁ ማለት ነበረብኝ። "ይጣራል ጋሼ" ብዬው በላሁ። እውነቱን ልናገር፣ ምግቡ ጣፍጦኝ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ሰብሳቢው የፖለቲካ ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ንጉሤ ነው። ስሙ ንጉሤ ሆኖ ጓድ መባሉን በሌላ ቀን እንቀልድበት ነበር። ጋሼ ሸሪፍ ከጁምዓ መጥቶ መሐል ላይ ቆመ። ኮቱ ሥር ወፈር ብሎ ታየኝ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ናፍጣ መሸጡን፣ ላምባ መቀላቀሉን፣ የሕዝብ ንብረት መበደሉን አመነ። ያላደረገውን አንድ በአንድ አመነ። አሰግድ ፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ጋሼ ሸሪፍ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። አሰግድ ክሱ እውነት ሆኖለት በደንብ እንዲደላደል ፈልጌ ነው፤ ከከፍታ ሲወድቅ እንዲሰማው።

ከዚያ እጄን አወጣሁ። "ጓድ ሰብሳቢ፣ ነዳጁ ደህና ነው። ግማሽ ሰዓትና መኪናውን ስጡኝ። ጓድ አሰግድም አብረውን ይውጡ።"

ጋሼ ሸሪፍ እየነዳ፣ አሰግድ ከጎኑ፣ እኔና ጓድ ንጉሤ ከኋላ ሆነን በፈረንሳይ በኩል ወጣን። ዳገቱ ሲጀምር መኪናው አመነታ፤ ጥቁር ጭስ ከኋላችን ተነሣ። "ይኸው ላምባው!" አለ አሰግድ።

"ያቁሙት ጋሼ" አልኩ። ወርጄ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ፣ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ፣ ጋሼ ሸሪፍ ፍሬን ይዞ በማርሽ እንዲያስጨንቀው ነገርኩት። "ጓድ አሰግድ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ እጅዎን ከዚህ ቱቦ ሥር ያድርጉ።" ሰብሳቢው እያየው ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻለም፤ ጎንበስ አለ። ሞተሩ ሲጨነቅ ስንጥቁ ተከፈተና ጥቁር ቅባት ከነነፋሱ እጁ ላይ፣ ከዚያም ነጩ ጋዋን ላይ ተረጨ። አዘጋጅቼ በኪሴ በያዝኩት የጎማ ላስቲክ ቱቦውን ጠቅልዬ በሽቦ አሰርኩት። ነዳጁ ያው ነዳጅ፣ ሾፌሩ ያው ሾፌር፣ መኪናው ግን ሽቅብ በረረ። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች መንገድ ለቀው ቆመው አዩን። ከላይ ስንደርስ የእንጦጦ ብርድ ፊታችንን ገረፈን፤ እኔ ግን ሞቆኝ ነበር።

ጓድ ንጉሤ ጋዋኑን አየት አድርጎ "ስብሰባው አላለቀም፤ እንመለስ" አለ።

አሰግድ በዚያው በተቆሸሸ ጋዋን አርባው ሰው ፊት ቆሞ ግለ ሂሱን ጀመረ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፁ ሟሸሸ። እኔ ከመጨረሻው ረድፍ ሆኜ "አልተሰማም! ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ!" አልኩ። ከፍ አደረገ። ከሠርጌ ቀን ይልቅ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው ብል ባለቤቴ ትቀየመኛለች፤ ግን ነው።

ስብሰባው ሲበተን ጋሼ ሸሪፍን ግቢው ቧንቧ ጋ አገኘሁት። ኮቱን አውልቆ ከደረባቸው ሁለት ሸሚዞች አንዱን እያወለቀ ነበር። እንዲያመሰግነኝ ነው የሄድኩት።

"መቼ ነው ያገኘኸው?" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ማለት እችል ነበር። ኩራቱ ገና አልበረደልኝምና "ማክሰኞ!" አልኩት፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

ሸሚዙን አጣጠፈው። "ረቡዕ አብረን በላን።"

"አዎ ጋሼ።"

"ሁለት ሸሚዝ የደረብኩት ሚስቴ እስር ቤት ይበርዳል ብላኝ ነው። ልጆቼን አንድ በአንድ ስሜ ነው የወጣሁት።" ቁጣ አልነበረውም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አሰግድ ሳያውቅ ከሰሰኝ። አንተ ግን እያወቅህ አስቆምከኝ።" ከዚያ ቁልፉን አንሥቶ መኪናውን ሊያቆም ሄደ። ከዚያ በኋላ ምሳውን የሚበላው ብቻውን መኪናው ውስጥ ሆነ።

አሰግድን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሩት፤ እኔም መፍቻዬ ተመለሰልኝ። ታሪኩን በዕድር ድንኳን፣ በሠርግ፣ በየሰበቡ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላውቅም። ጋዋኑ ጋ ስደርስ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ስንጥቁን መቼ አገኘኸው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ዓርብ ጠዋት እላለሁ። በአሰግድ ላይ ባደረግሁት ግን አሁንም ቅንጣት ጸጸት የለኝም፤ እድሉ ቢሰጠኝ ደግሜ አደርገዋለሁ።

ጋሼ ሸሪፍ ሲያርፍ ላምበረት ለቅሶ ደርሼ ነበር። ልጆቹ ስሜን እንደሰሙ ተነሥተው ትከሻዬን ሳሙኝ፣ ከዘመድ አስቀድመው አስቀመጡኝ። "አባታችንን ከእስር ያዳነው መካኒክ" እያሉ ለሰው አስተዋወቁኝ። ለካ ለቤተሰቡ የነገራቸው ይህን ብቻ ነው። ማክሰኞን አልነገራቸውም። ዛሬም የበኩር ልጁ በየኢዱ ጠዋት ይደውልልኛል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዘንድሮስ እነግረዋለሁ እላለሁ። አነሣዋለሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ እለዋለሁ፣ ስለ አባቱ ያመሰግነኛል፤ እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ እዘጋለሁ።