ባዶ እግሩን የሚሮጠው ሳሙራይ

በአሳኩሳ ሰፈር ሲኒማ ቤት በር ላይ የተመልካቹን ጫማ ተረክቤ መደርደሪያ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። እጅጌው የተጣፈ ኪሞኖ የሚለብሱ አንዲት አሮጊት በየቀኑ ይመጣሉ፤ አንድ ፈሪ ሳሙራይ በባዶ እግሩ ሲፈረጥጥ የሚያሳየውን አስቂኝ ፊልም ለማየት። ፊልሙ ድምፅ የለውምና ተራኪያችን ከሸራው አጠገብ ቆሞ ይናገርለታል፤ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሳሙራዩ ከንፈር አይነቅሉም።

«ተራኪያችሁ ያሻውን ይቀባጥር፣» አሉኝ ትናንት ሲወጡ። «ሳሙራዩን ሆኖ የሠራው ሟቹ ልጄ ነው። የሚለው ሌላ ነው።»

«ምን ይላል፣ እማማ?»

«እማዬ፣ እግሬን በረደኝ።»

ዛሬ ከራሳቸው ጫማ ጎን አዲስ የወንድ የገለባ ጫማ አስቀምጠው ገቡ። ሁልጊዜ ሳቅ የሚፈነዳበት ቦታ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለብኝ። ዞር ስል የገለባው ጫማ ከመደርደሪያው ላይ የለም። ወደ ውስጥ አጮለቅሁ። ሸራው ላይ ሳሙራዩ የገለባውን ጫማ ተጫምቶ ይሮጣል። ተራኪው አፉን እንደከፈተ ቀርቷል፤ የሚስቁት አሮጊቷ ብቻ ናቸው።