ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አምስት

ሀዋሳ ፕሪፓራቶሪ ስንማር አንድ ለአምስት የሚባል ነገር መጣ። አንድ ጎበዝ ተብዬ አምስት ልጆች ይዞ ያስጠናል። የኛ ቡድን ጎበዝ ተብዬ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ሹመት ስወድ! በየሳምንቱ ለክፍል ኃላፊያችን የምሞላው ፎርም ነበር፤ «ያልተግባቡ አባላት» የሚል ክፍት ቦታ አለው። እሱን ባዶ አድርጌ ማስረከብ ያኮራኝ ነበር።

አንድ ቀን በክፍላችን የትምህርት ቴሌቪዥን፣ በፕላዝማው፣ ጄኔራል ተርም ተማርን። ቁጥሮች እኩል እየጨመሩ ሲሄዱ፣ ለምሳሌ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አምስት ሲል፣ መቶኛው ስንት እንደሆነ ሳይቆጥሩ የሚያገኙበት ቀመር ነው። የፕላዝማው ሰውዬ እንደሆነ አይጠብቅም፤ ገልብጬ ሳልጨርስ ስዕሉ ተቀየረ። የቀረውን በግምት ሞላሁት።

ከምሳ በኋላ ቡድኔን ሰበሰብኩ። «ልዩነቱን በኤን፣ ማለትም በተራ ቁጥሩ፣ አባዙ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ደምሩ፣ አለቀ! አራት ኤን ሲደመር ሰባት» አልኩ።

ከአምስቱ አንዷ ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ መናኸሪያ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በሒሳብ ከሃምሳ በታች ካመጣሽ ትምህርቱ ይቅርና ሱቅ ትገቢያለሽ ብለዋታል፤ የዋዛ ሰው አልነበሩም።

«ቆይ እስቲ» አለች። «በኤን ቦታ አንድ ሳስገባ አሥራ አንድ ይመጣል። የመጀመሪያው ግን ሰባት ነው።»

«ከፕላዝማ ልትበልጪ ነው?» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። አሁንም ልትናገር ስትል ፎርሙን አወጣሁና «ያልተግባባች ብዬ ልጻፍሽ?» አልኳት። ስሙ የተጻፈ ልጅ ወላጅ ያስጠራል። አጎንብሳ የኔን ቀመር ደብተሯ ላይ ገለበጠች።

ያው ጥያቄ በሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና መጣ። ወረቀት ሲመለስ የሒሳብ መምህራችን ስድስታችንን አስቆሙን። «ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት! ኮርጃችኋል። ሁላችሁም ዜሮ!»

ጓደኛዬ ፊቷ አመድ መሰለ። «ቲቸር፣ አልኮረጁም። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩና እንዴት እንዳስተማርኩ ተናገርኩ።

«ከኤን ላይ አንድ ቀንሰሽ ነው የምታባዢው!» አሉ። «ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ማለት እናንተ ናችሁ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ የጓደኛዬን ወረቀት አንስተው ወደ መስኮቱ ዘረጉት። በላጲስ የጠፋ የእርሳስ ጽሑፍ ነበረበት፤ አራት ኤን ሲደመር ሦስት። ትክክለኛው መልስ።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው?»

ወደኔ አየች። «እሷ ጎበዝ ስለሆነች ነዋ ቲቸር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ዜሮው ተነሳልን። የጠፋ መልስ ግን አይታረምም ተባለ፤ ጥያቄው ለስድስታችንም ኤክስ ሆነ። እሷ አርባ ስምንት ላይ ቀረች። ሁለተኛ ሴሚስተር ሲከፈት አልመጣችም።

ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩና ሱቁ ሄድኩ። እሷ ባንኮኒው ላይ ጨርቅ ትለካለች። ለአባቷ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እሷ አውቃው እንደነበር፣ እኔ እንዳሳሳትኳት፣ በፎርም እንዳስፈራራኋት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እባክዎ ይመልሷት» አልኳቸው።

ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ «አንቺ ስንት አመጣሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ሰማንያ ስድስት።»

«በይ እንግዲያ፣ አንቺ ሂጂና ተማሪ» አሉኝ።

እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።