ሞት የማያውቀው ስም

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሆምወርክ ይዛ መጣች፦ ስምሽ ምን ማለት ነው፣ ከየት መጣ፣ ከቤተሰብሽ ከአንቺ በፊት ማን ይጠራበት ነበር የሚል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የልጄ ስም ዙዛና ነው። የኦክላንድ ሐበሻ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ሲለኝ እስቃለሁ እንጂ አልመልስም። እውነቱን ብናገር ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከእሷ በፊት የወለድኳት ልጅ በሦስት ወሯ እንደተኛች ቀርታብኛለች። ሁለተኛዋን ሳረግዝ እናቴ ከደሴ ደውላ፣ «ለዚችኛዋ ደህና ስም እንዳታወጪ፣ ሞት የማያውቀውን ስም ስጫት» አለችኝ። እኛ አገር ልጅ የሞተባት ሴት ለተከታዩ የሚናቅ ስም ታወጣለች፤ «ጥራጊ» ትለዋለች፣ ሞት ንቆ እንዲያልፈው። እና በርዝ ሰርተፊኬት ላይ ልጄን ጥራጊ ብዬ ላስሞላ? ያኔ ሳን ሊያንድሮ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንዲት የፖላንድ አሮጊት አስታምም ነበር። የእህቷን ስም ደጋግማ ትጠራለች፦ ዙዛና። አፌ ላይ እንኳ አልመች ያለኝ ስም ነው። ይሄንንማ ሞትም አይችለውም ብዬ ያዝኩት።

ልጄ ስልኬን ወስዳ ፈለገች። በእንግሊዝኛዋ መሐል አማርኛ ጣል እያደረገች ታነብልኛለች። ከዕብራይስጥ የመጣ ነው። ሊሊ የምትባለው አበባ ማለት ነው። ፖላንድ ውስጥ በጣም ፖፑላር ነው። ይሄን ስሰማ ራሱ ቅር አለኝ፤ ከሞት የደበቅኩባት ስም ለካ እዚያ በየቤቱ ነው። ቀጥላ በሌላ አገር እንዴት እንደሚባል ዝርዝሩን ወረደች።

«ሱዛን። ሱዛና። ማሚ፣ ኢትዮጵያም አለ። ሶስና።»

ሶስና የሞተችው ልጄ ስም ነው።

ክው ብዬ «ሶስናዬ» አልኩ ሳይታወቀኝ። የሸሸሁትን ስም በገዛ እጄ መልሼ አውጥቼላታለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሟች እህቷ ስም ስጠራት፣ ሞት አብሮኝ ሲሰማ ነበር ማለት ነው። ነገውኑ ላስቀይረው? ወደብ ኮንቴይነር የሚጭነው ባሌ ጋ ልደውል? ደውዬስ ምን እለዋለሁ?

«ሶስና ማናት?» አለች ልጄ፣ ፊቴን እያየች።

ውሸት ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። «እህትሽ ናት» አልኳት። «አንቺ ሳትወለጂ የሞተች።»

ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ሦስተኛው ጥያቄ ስር በእርሳሷ «ማይ ሲስተር» ብላ ጻፈች። ላጲሱ እጄ ላይ ነበር። ላጥፋው አላጥፋው ስል ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሲነጋም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እንደ ሁልጊዜው ሳትነቃ ገብቼ፣ ትንፋሿ እንዳለ ላረጋግጥ ጣቴን ከአፍንጫዋ ስር አስጠጋሁ።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በአማርኛ፣ «አለሁ፣ ማሚ» አለችኝ።

ለካ ሁልጊዜም ነቅታ ትጠብቀኝ ኖሯል።