ሜዳ ላይ የታጠፈው የቡታጅራ መንገድ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ያን የቡታጅራ ጉዞሽን ጻፊልን» ብለው ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተው ሰጡኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ሕፃን ታቅፌ ነው። ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር በሉኝ፣ መንገዱም ጠማማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎረምሳነቱ የቡታጅራ መንገድ ሲሰፋ የቀን ሠራተኛ ነበር። ዕድሜ ልኩን አንዲት ወሬ ነበረችው፦ «ከአዋሽ ወዲያ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ መንገዱ ይታጠፋል። ኩርባው የእኔ ነው። የአንዲት መበለት ጎጆ እንዳይፈርስ መሐንዲሱን ለምኜ አስዞርኩት።» ታናሽ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ተሰማ፣ ይህን በሰማ ቁጥር ይቆጣል። በባለቤቴ ሙት ዓመት ላይ ጭራሽ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ «ኩርባ የሚባል ነገር የለም! ከተገኘ ይህን ጢሜን እላጫለሁ» አለ። ያ ጢም ከበቀለ ጀምሮ ምላጭ አልነካውም፤ ባለቤቱን ቀድሞ ቤት የሚገባ ጢም ነው።

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ልጆቼ አባታቸው ውሸታም ሲባል ሰሙ። ይህ አንገበገበኝ። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው፣ ጠማማው ሁሉ ሊቃና ነው ተባለ። ሳይቃና በዓይኔ ልየው ብዬ ተነሣሁ።

ተሰማ ነጠላዬን ያዘ። «እትዬ፣ አቧራው ይገድልሻል። መኪናው ይገለበጣል። ጅብም አለ።»

«በቀን?»

«የዚያ አገር ጅብ ሰዓት አያውቅም!»

አልመለስ ስለው «እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

ጎህ ሲቀድ፣ ላፍቶ

ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ ያኔ የጤፍ ማሳ ነው። ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አረጠበው። ለቡን አልፈን በፉሪ በኩል አቋረጥን። ተሰማ ከኋላዬ «እግሬን አመመኝ፣ እንመለስ» ይላል። ጋሪ አግኝተን ስንሳፈር እግሩ ተሻለው፣ ወገቡን ጀመረው።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዓለም ገና

ቅጥቅጥ ውስጥ ገባን። በግራዬ የቆጮ ጥቅል፣ እግሬ ሥር ሁለት ዶሮ፣ በቀኜ ተሰማ። መኪናው ገና አስፋልቱን ለቆ ኮረኮንቹ ላይ ሲወጣ ጥርሴ እርስ በርሱ መጋጨት ያዘ።

«ልጄ» አልኩት ሾፌሩን፣ «ሜዳ ላይ የሚታጠፍ ኩርባ ታውቃለህ?»

«እንዴ ማዘር! የማያውቀው አለ? መሐንዲሱ ምሳውን ጥላ ሥር ሊበላ ብሎ ወደ ዛፉ የዞረበት ነው።»

«ውሸት ነው» አሉ ከኋላ አንድ ቄስ፣ «ከሥሩ የተቀበረ ጽላት አለ።»

«አባ፣ ይፍቱኝና እሱም አይደለም» አለች የበርበሬ ነጋዴዋ። «የባላባቱ ሚስት መንገዱ በደጄ ይለፍ ብላ አልቅሳ ነው።»

መኪናው ሁሉ ተጨቃጨቀ። እኔ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ኩርባው አለ! ዞር ብዬ ተሰማን ሳየው ያንኮራፋል። ጆሮው ግን ፍም መስሏል።

አራት ሰዓት፣ አዋሽ ድልድይ

ሾፌሩ ለራዲያተሩ ውኃ ሲቀዳ ሸንኮራ ገዛሁ። ባለቤቴ እንዳጫወተኝ ይህን መንገድ መጀመሪያ የነጋዴ በቅሎ ነው የጠረገው፤ በርበሬ ወደ ላይ፣ ጨው ወደ ታች። ቀጥሎ ጣልያን ጠጠር በተነበት። በኋላ በንጉሡ ጊዜ እነ ባለቤቴ አሰፉት። ወንዙ እንደ ደፈረሰ ጠላ ይወርዳል። ተሰማ ሸንኮራዬን እየመጠጠ «አየሽው አይደል አዋሽን? ይበቃል፣ እንመለስ» አለኝ።

ስድስት ሰዓት ግድም

መኪናው ቆመ። «ማዘር፣ ይኸውልዎት ንብረትዎ!» አለ ሾፌሩ።

ወረድን። ገደል የለ፣ ወንዝ የለ፣ ድንጋይ እንኳ የለ። መንገዱ ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል ወደ ግራ ይሄድና ተመልሶ ቀጥ ይላል። እልል አልኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ሄድኩበት።

እልልታዬን ሰምተው አንዲት አሮጊት ከማዶ መጡ፤ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። «የመበለቷ ጎጆ የት ጋ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን ጎጆ እቴ? እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያረጀሁት። እዚህ ጎጆ ኖሮ አያውቅም።»

ኩርባው እውነት፣ ወሬው ውሸት።

«እህቴ ስትዳር ግን» አሉ አሮጊቷ፣ «አንድ የመንገድ ሥራ ጎረምሳ ነበር፣ ደግ ልጅ...»

«መኪና መጣ!» ብሎ ጮኸ ተሰማ። ዘወር ብል አህያ ነው።

እትዬ ዘነበች ትክ ብለው አዩት። «የዚህ ሰውዬ ፊት አዲስ አልሆነብኝም።»

«ፊቴ ብዙ ሰው ይመስላል» አለና ጢሙን በሁለት እጁ ፊቱ ላይ ዘረጋጋው።

«ምላጭ ላበድርህ? እዚሁ ተላጭ» አልኩት።

«እዚህ? ሞቼ ነው ቆሜ!» አህያዋን ተከትሎ መንገድ ጀመረ። እኔም የአሮጊቷን ወሬ ሳልጨርስ ተከተልኩት።

ማታ፣ ላፍቶ

ቃሉን ጠበቀ፣ ተላጨ። የገዛ ውሻው ጮኸበት። ልጆቼ በአባታቸው ኮሩ። የጎጆዋን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ብቻዬን ያዝኩት።

ዓመታት አለፉ። አስፋልቱ ተሠራ፣ ኩርባውም ተቃና። ይህን የሰማ ዕለት ተሰማ ቤቴ መጣ።

«እትዬ፣ ማስረጃው ጠፍቷልና ልናገር። እኔም ያኔ እዚያው ከወንድሜ ጋር እሠራ ነበር። መሐንዲሱ በመንገዱ መስመር ላይ ችካል አስተክሎ ጠባቂ ያደረገው እኔን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሠርግ ሆነና ለእንግዶቹ በቅሎ ማሰሪያ ጠፋ። ያ ሁሉ ያማረ ችካል ሜዳ ላይ ሥራ ፈትቶ ቆሟል ብዬ ነቅዬ አበደርኳቸው። በማግስቱ በግምት መልሼ ተከልኩት። ጠላም ነበረበት። ግሬደሩ እሱን ተከትሎ ሄደ።»

«ባለቤቴስ?»

«መሐንዲሱ ‹ማነው?› ሲል ወንድሜ ‹እኔ ነኝ› አለ። በዚያው ቀን ተባረረ። የመበለቷን ወሬ የፈጠረው እኔን ማንም እንዳይጠይቀኝ ነው።»

ባለቤቴ ከዚያ ተባሮ የት ሄደ መሰላችሁ? ላፍቶ፣ ለአጨዳ፣ አባቴ ማሳ ላይ። ነጠላዬን ተከናንቤ ውኃ ያቀበልኩት አጫጅ እሱ ነበር።