እናቴ ያላስጠረገችው ቅርፊት

ከድሬዳዋ የወጣሁበት ምሽት ሙቀቱ አልበረደም ነበር። መኪናው እስኪመጣ ሳሎን መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ኦቾሎኒ እፈለፍላለሁ፤ ስጨነቅ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ቅርፊቱን ዝም ብዬ ወለሉ ላይ እጥላለሁ። ጡሩምባው ሲሰማ ተነሣሁ፣ ተላቀስን፣ ወጣሁ። ታናሽ ወንድሜ እዮብ መጥረጊያ ሊያነሣ ሲል እናቴ ጮኸችበት።

“ተው! መንገደኛ የወጣበት ቤት አይጠረግም። እስክትመለስ እንዳለ ይቆይ።”

ሌላው ሰው የሚጠብቀው መንገደኛው በሰላም መግባቱ እስኪሰማ ነው። የኔ እናት ግን “እስክትመለስ” አለች፤ እሷ ደግሞ ያለችውን አትመልስም። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ለትኬት አጠራቅማለሁ፣ በየዓመቱ አንድ ነገር ይበላዋል። ቅርፊቱም ጎረቤት እየሳቀ፣ እናቴ እየተቆጣች፣ እዚያው ወንበሬ ሥር ቆየ።

እዚህ አትላንታ ዳር፣ ስቶን ማውንቴን፣ የሰው ቤዝመንት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ የምሠራው ኤርፖርት አካባቢ መኪና ማቆሚያ ነው። ጆርጂያ የኦቾሎኒ አገር ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መንገድ ዳር ገዝቼ ብፈለፍለው፣ እናንተዬ፣ ተቀቅሏል! እርጥብ፣ ጨዋማ፣ ባቄላ የመሰለ ነገር። ሙቀቱም እንደዚያው ነው፤ የድሬ ሙቀት ሰውን ያደርቃል፣ የዚህኛው ይቀቅላል።

አምና ቤታችን ከነቅርፊቱ ለመንገድ ፈረሰ። እናቴና እዮብ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ስልክ አጠረብኝ። ስደውል “ቤት ነኝ፣ ኋላ ደውይ” ትላለች።

“የትኛው ቤት፣ እማዬ?”

“ቤታችን ነዋ!”

የፈረሰው ቤት ማለቷ እንደሆነ ከድምፅዋ አወቅሁ። ለእዮብ ደወልኩ። እሱ ለጌም የሚሆኑ ቤቶችን በኮምፒውተር እየሠራ በኢንተርኔት የሚሸጥ ልጅ ነው። ለካ የኛን ቤት ሠርቶላታል። ከሰዓት ከሰዓት እናቴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ እዚያ ቤት ውስጥ ትውላለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

“አንቺም ግቢ፤ ውስጥ ትገናኛላችሁ” አለኝ። “ግን ሥዕሉን የሚያወጣ ደህና ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ያስፈልግሻል።”

በአሮጌው ላፕቶፔ ሞከርኩት። ግራጫ ግድግዳ፣ ባዶ ወለል፣ ባዶ ወንበር። በጓዳው በር ላይ የሰው ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የጥላው ባለቤት ግን የለም። ደንግጬ ሳልዘጋው እሱ ራሱ ጠፋ። እናቴ እዚያ ውስጥ ነበረች፤ የኔ ማሽን ነው ሊያሳየኝ ያልቻለው። ከትኬቱ ገንዘብ ሌላ ምንም አልነበረኝም።

የአከራዬ ልጅ ሜሮን ዲኬተር ከተማ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ኢንጂነር ናት። ቻምብሊ የሚባል ሰፈር አዲስም ያገለገለም ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ወሰደችኝ። ሻጩ ሁለት ላፕቶፕ አቀረበልን። አንዱ አዲስ፣ ቀጭን፣ ፊደሎቹ በቀለም የሚያበሩ፣ ዋጋውም የሚቀመስ። ሌላው ያገለገለ፣ ከባድ፣ ክዳኑ የተጫረ፣ ዋጋው ግን የትኬቴን ግማሽ የሚወስድ።

“መብራቱ እንዳይሸውድሽ፣ ጽጊ” አለችኝ ሜሮን። “ያ ሴፓሬት ግራፊክስ ካርድ የለውም። ላይክ፣ ራም ቢያንስሽ በኋላ አድ ታደርጊያለሽ፣ ግራፊክሱን ግን ቼንጅ ማድረግ አትችዪም። ሶ፣ ብሩን እሱ ላይ አውዪው።”

“ልጅሽ ምን ዓይነት ጌም ነው የሚጫወተው?” አለኝ ሻጩ።

“ልጅ የለኝም። እናቴን ላይበት ነው።”

ሰውየው ከባዱን ወደኔ ገፋ አደረገው። “እናትሽ የሥዕል ጥራቷ ሚዲየም ሴቲንግ ይበቃታል ወይስ ሃይ ነው የምትፈልገው?”

ሳቅን። ከባዱን ገዛሁ። እቤት ስንደርስ አከራዬ ጋሽ መኮንን በሩ ላይ ቆመው ቻርጀሩን በዓይናቸው መዘኑት።

“ይሄ ጡብ የሚያህል ነገር ስንት ላይት ይበላል? ቢል ሲመጣ እንዳንጣላ።”

“እናቴን ልጠይቅበት ነው፣ ጋሼ።”

“እናት የምትጠየቀው በትኬት ነው” አሉኝ።

እሑድ ጠዋት፣ በድሬ ከሰዓት ሲሆን፣ ከእናቴ ጎን ለተቀመጠው ለእዮብ ደውዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ገባሁ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ጮኸ። ሰማያዊው በራችን ከነጭረቱ ወጣ። በሩን ገፋሁት። የግድግዳው ስንጥቅ አለ። ወለሉ ላይ ቅርፊቱ አለ፣ አንድ በአንድ፣ ራሴ እንደጣልኩት። አለቀስኩ።

ቀና ስል ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጧል። እኔ ነኝ። የወጣሁበት ምሽት የለበስኩት አረንጓዴ ቀሚስ፣ ያኔ የተሠራሁት ሹሩባ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትተነፍሳለች። ዓይኗ በሩ ላይ፣ ማለትም እኔ ላይ ነው።

“እዮብ፣ ይቺ ማናት?”

“አንቺ ነሽ” አለ በስልኩ። “እማዬ ባዶ ወንበር አስጠላኝ አለች። የላክሽልንን የድምፅ መልእክትም አስገብቼላታለሁ።”

የተቀመጠችው አፏን ከፈተች። “እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ” አለች፣ በኔው ድምፅ።

መስታወታችን ከቦታው አለ። ራሴን ለማየት ጠጋ አልኩ። መስታወቱ ውስጥ ፊት የሌለው ግራጫ ሰው ቆሟል። እዮብ ለሚገባ ሰው መልክ አልሠራም ነበር።

ከጓዳው እናቴ ወጣች፤ ነጠላዋ፣ አካሄዷ፣ ሁሉ ነገሯ እሷው። ፊቴ ቆመች።

“እንግዳ መጣ” አለች።

“እማዬ! እኔ ነኝ፣ ጽጌ!”

“ጽጌማ ይቺትና ተቀምጣ። ኖር! ይግቡ፣ ይቀመጡ።”

ይግቡ አለችኝ፣ እናቴ። ስትቀልድ ድምፅዋ ሥር ሳቅ አለ፤ ጆሮዬን አቀናሁ፣ ሳቁን አላገኘሁትም። አፌ ግን በልማድ “በእግዜር” አለ፣ እንደ እንግዳ።

“እዮብ፣ መጥረጊያውን እንዴት ነበር የማነሣው? እንግዳ ፊት ያሳፍራል” አለች እናቴ።

“እማዬ፣ ተይ! እስክትመለስ አይጠረግም ብለሽ የለም?” አልኳት።

“ተመልሳ የለ እንዴ?” አለች፤ ወደ ወንበሩ ዞራ።

ትጠርግ ጀመር። ቅርፊቱ እየተገፋ በሩን አልፎ ወጣ። እግሯ ላይ ልወድቅ ፈለግሁ፤ በየትኛው ቁልፍ እንደሚወደቅ አላውቅም። ላፕቶፑን ዘግቼ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

“እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ? እመጣለሁ። በቀረው ገንዘብ ትኬት እጀምራለሁ። እማዬ!”

የመጥረጊያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ የራሴ ድምፅ ከድሬ መጣ፦ “እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።”

“እሺ፣ ልጄ” አለቻት እናቴ።