ለሙሽራ መኪናዋ የመረጥሁት ካምሻፍት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም። የንስሐ አባቴ ቤቴ ሲመጡ መጠጤን፣ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን ሁሉ እዘረግፍላቸውና ይህችን አንዷን ሆድ ይፍጃት ብዬ አስቀራታለሁ። «የቀረ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላየው ይመስለኛል። እሱም ቢሆን ፈሪነቴ ነው፤ ደፈረ አትበሉኝ።

ስሜ ደምሴ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ከጭነት መኪናው እስከ ባጃጁ ሁሉም በእጄ ያልፋል። እጁ ወርቅ ነው ይሉኛል፤ እኔም ይህን ስሰማ ጆሮዬን የምይዝ ሰው አልነበርሁም። ነገሩ የተበላሸውም ከዚያ ነው።

አያ ይማምን የማያውቅ የከተማችን ሰው አልነበረም። ረጅም፣ ነጭ፣ የድሮ የአሜሪካ መኪና ነበረቻቸው። ከተማው «እመቤት» ይላታል። ክርስቲያኑም ሲዳር እስላሙም ሲዳር ሙሽራ የሚቀመጠው እመቤት ላይ ነው። በእኛ አገር ጠጠር መንገድ እንደዚያ ያለች መኪና ማቆየት በሽተኛ ከማስታመም አይተናነስም። አያ ይማም ግን አይሰለቹም። መንገዱ ላይ ሾል ያለ ድንጋይ ካዩ መኪናዋን አቁመው፣ ወርደው፣ በእጃቸው አንስተው ነው የሚያልፉት። ወጣቶቹ «ኧረ ይንዷት!» ብለው ሲያሾፉባቸው «ሙሽራ የጭድ ከረጢት አይደለችም፣ ምን ብዬ ላንገጫግጫት» ይሉ ነበር።

ታዲያ የእመቤት ካምሻፍት ተበልቶ ወደ እኔ መጡ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ካምሻፍት ማለት ሞተሩ መቼ አየር እንደሚስብ፣ መቼ ጭሱን እንደሚተፋ የሚያዝ ዘንግ ነው። በላዩ እብጠቶች አሉት። እብጠቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረም ጉልበት ይሰጣል፤ እብጠቱ ከፍና ሰፋ ያለ ከሆነ ግን ጉልበቱ የሚመጣው ሲጋልብ ብቻ ነው። አየሩ የሚገባበት ማኒፎልድም እንዲሁ ነው፤ ጠበብ ያለው ለዳገት፣ ሰፊው ለሜዳ።

አያ ይማም የፈለጉትን አሳምረው ያውቁ ነበር። «ደምሴ፣ እኔ ጉልበት አልጠየቅሁህም» አሉኝ። «ዳገቱን ቀስ ብላ ትውጣልኝ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ትውረድልኝ፣ ሙሽራ ስትጠብቅ ቆማ አትንቀጥቀጥ። የዱሮዋን ዓይነት ፈልግልኝ። ወላሂ ሌላ አልሻም።»

አዲስ አበባ ወርጄ አሮጌ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር ስዞር ዋልሁ። አንድ ሻጭ ሁለት ካምሻፍት አወጣልኝ። አንደኛው የዱሮዋ ዓይነት ነው፣ ደህና ነው፣ ከነጠባብ ማኒፎልዱ። ሁለተኛው ለእሽቅድምድም ከተሠራ ሞተር የወጣ ነው፤ እብጠቱ ከፍ ያለ፣ ማኒፎልዱ አፉን የከፈተ። ሻጩ አገሬን ጠየቀኝ። ወሎ፣ ቦረና፣ ደጋ ነው አልሁት። «እንግዲያው ይሄን ተወው ወንድሜ፣ ለሜዳ ነው» አለኝ።

እኔ ግን ሁለተኛውን አነሳሁ። ማን አስገደደኝ? ማንም። እኔ መረጥሁ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ የእሽቅድምድም መኪና ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ቆሞ እንኳ የሚያጓራውን። ያ ድምፅ ከመካነ ሰላም ገበያ ሲሰማ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ «ማን ሠራት?» ሲል፣ ደምሴ ሲባል ታየኝ። የሌላ ሰው መኪና፣ የሌላ ሰው እንጀራ፣ የሌላ ሰው ሙሽራ፤ እኔ በዚያ ላይ ስሜን ልጽፍ ፈለግሁ።

ገጥሜ ስጨርስ አያ ይማም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «የዱሮዋ ዓይነት ነው?»

«ራሱ ነው አያ ይማም» አልኋቸው።

መረቁኝ። ምርቃታቸውን ተቀበልሁ።

ድምፁስ እንዳሰብሁት ሆነ። የመጀመሪያው ሠርግ ላይ እመቤት እያጓራች ስትገባ ወጣቱ በፉጨት ተቀበላት፤ እኔንም ትከሻዬን እየመቱ አሞገሱኝ። አያ ይማም ግን ፊታቸው አልፈታ አለ። ሞተሩ ቆሞ ሲጠብቅ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል። ብዙም ሳይቆዩ ጋራዤ መጡ። «ደምሴ፣ ፍሬኗ ጠነከረብኝ። ድንጋይ የምረግጥ ይመስለኛል» አሉ።

የምነግራችሁ በደል እዚህ ላይ ነው። ካምሻፍቱን መምረጤ እብሪት ነበር፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው። የእመቤትን ፍሬን የሚያግዝ ሰርቮ የምንለው ነገር አለ። እግር ሲረግጥ አብሮ የሚገፋ እሱ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ደግሞ ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጠረው ስበት ነው። እኔ ያስገባሁት ካምሻፍት፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ያንን ስበት ያዳክመዋል። በእኛ ደጋ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ የተረፈችውም ታንሳለች። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቄው ነበር! አያ ይማም ተናግረው ሳይጨርሱ ነው የገባኝ። ሁሉንም ፈትቼ ዝቅ ያለውን ካምሻፍት አስመጥቼ መግጠም እችል ነበር። ግን ያን ጊዜ «የዱሮዋ ዓይነት ነው» ማለቴ ውሸት መሆኑ ይወጣል፤ ድምፁም ይጠፋል፤ ስሜም አብሮ።

«አብሽሩ አያ ይማም፣ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲላመድ ይለሰልሳል» አልኋቸው። ይህም አልበቃኝም። እየሳቅሁ «ይልቅስ እግርዎ አርጅቶ እንዳይሆን» አልሁ።

እሳቸውም ሳቁ። «እሱስ አይቀርም ልጄ» ብለው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገው ሄዱ።

ያችን ቀልድ ከአፌ ሳወጣ ምን ነበር ምላሴ በታሰረ? ሰው ሰውን መርዝ ሲያጠጣ ቢያንስ ይደበቃል። እኔ በሳቅ አጠጣሁ።

አደጋው የደረሰው የገበያ ቀን ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። አያ ይማም ሙሽሮች አድርሰው ባዶ መኪና ይዘው ይመለሳሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ግርጌው ላይ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ያቋርጣል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ደጋግመው ፍሬን ይዘዋል፤ ሰርቮው ያጠራቀማት ስበት እዚያው አልቃለች። ግርጌ ሲደርሱ እታገኝ የምትባል የገበሬ ሚስት አህያዋ አልሄድ ብሏት መሐል መንገድ ላይ ትጎትታለች። እመቤት አልቆመችም። እታገኝ እዚያው አረፈች። ሞላ የሚባል አንድ ልጇ፣ ጎረምሳ ነው፣ ከኋላ ጭነት ይዞ ሲመጣ ደረሰባት።

ትራፊኩ መኪናዋን እንድመረምር እኔን አስጠራኝ። ከእኔ ሌላ እሷን የሚያውቃት አልነበረም። ጎማዎቹን ፈታሁ፣ የፍሬኑን ሸራ አየሁ፣ ዘይቱን አየሁ። «ፍሬኑ ጤነኛ ነው» አልሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቃሉ እኮ ውሸት አይደለም። ሸራውም ዘይቱም ጤነኛ ነበር። የታመመው ሞተሩ ነው፤ ስለ ሞተሩ ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። እንዲህ እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን ስሸነግል ኖርሁ! ውሸት በእውነት ቃል ሲነገር እጥፍ ውሸት እንደሚሆን እኔ ካልመሰከርሁ ማን ይመስክር?

አያ ይማም ታስረው ወጡ። ከዚያ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ደም ለማድረቅ ተቀመጡ፤ ሼሁም ቄሱም ነበሩበት። እኔም መኪናዋን ያየ ሰው ተብዬ ተጠርቼ ነበር። አያ ይማም እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ከእታገኝ ቤተሰብ ፊት ቆሙ። ያ ድንጋይ ከመንገድ ላይ ሲያነሱት ከኖሩት ይበልጥ ነበር።

«እግሬ ከዳኝ» አሉ። «መኪናዋ ደህና ነች፤ ደምሴ አይቷታል። እርጅናዬን አላወቅሁበትም። ጥፋቱ የእግሬ ነው። አፉ በሉኝ።»

ስሜን ሲጠሩ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አዎ እንደማለት። ሞላ ብድግ ብሎ እያለቀሰ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሳና «አፉ ብያለሁ አባቴ» አላቸው። እኔ እዚያ መሐል እንደ ደህና ሰው ተቀምጫለሁ። ያ ድንጋይ የማን ነበር? የእኔ አልነበረም?

አያ ይማም ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዙም። እመቤት ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቀረች። መኪና ላይ እንኳ አይወጡም፤ በእግራቸው እየሄዱ የሞላን ገብስ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፤ የእታገኝ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር በግ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ «በዚህ እግሩ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ከተማው ደግሞ ከተማ ነው፤ «እግሩ እየከዳው የሰው ልጅ ጨረሰ» ይላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የእሳቸውን ስም ከመቃብር በታች ያዋልሁት እኔ ነኝ።

አምና ታመሙ። ልጠይቃቸው ሄድሁ። ያን ቀን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር፤ እመኑኝ አልላችሁም፣ ግን ቆርጬ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። እትዬ ዘሀራ ውኃ ሊያመጡ ወጡ። አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ደምሴ፣ አላህ ይስጥህ» አሉ እጄን ይዘው። «አንተ ባትኖር መኪናዋን እያማሁ እኖር ነበር። ነፍሴ ስንቴ ‹ፍሬኗ ነው፣ ፍሬኗ ነው› ብላኛለች መሰለህ። አንተ እውነቱን ስለተናገርህ ነው ኃጢአቴን አውቄ አፉታ የለመንሁ። ሰው ጥፋቱን አውቆ ሲሞት ይቀለዋል።»

ይህን ሰምቼ ምን አልሁ? «አሜን» አልሁ። ተነስቼ ወጣሁ። በሳምንቱ አረፉ፤ ሞላ ከልጆቻቸው እኩል አስከሬናቸውን ተሸከመ፣ እኔም ከኋላ ሄድሁ።

እዚህ ላይ ላቁመው ነበር። ግን የንስሐ አባቴ ጥያቄ አይለቀኝም፤ የቀረ አለ ልጄ? አለ። አንድ ቀርቷል፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ያን ቀን መኪናዋን እንድመረምር ስጠራ ከትራፊኩ ቀድሜ ገብቼ ነበር። ጎንበስ ብዬ ከመሪው ሥር አየሁ። የፍሬኑ ፔዳል ክንድ ጠሟል። ወፍራም ብረት ነው፤ እኔ በእጄ ልመልሰው ሞክሬ እምቢ አለኝ። የወንበሩም መደገፊያ ወደ ኋላ ተገፍቶ ብሎኑ ተነቅሏል። አያ ይማም ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ተክለው፣ ባለ በሌለ ጉልበታቸው፣ ብረቱ እስኪጣመም ረግጠው ነበር። እኔ መዶሻ አመጣሁ። ፔዳሉን መትቼ አቀናሁት። ብሎኑንም መለስሁት። ከዚያ ትራፊኩን «ና እይ» አልሁት።

አሁን ጨረስሁ። ሞላ ያለው መካነ ሰላም ነው፣ እትዬ ዘሀራም እዚያው ናቸው፤ በየገበያው «እንዴት ዋልህ ልጄ» ይሉኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ስንት ነገ አለፈብኝ። ይህን ያነበበ ሰው ከእኔ ከቀደመ ይንገራቸው፤ አልቀየምም። የደከመ እግር ብረት አያጣምም በሏቸው። እኔን አፉ አትበሉኝ።