የእትዬ ትርንጎ ቢጫ ቀሚስ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ነኢማ በስልኳ ያዘዘችውን ሻርፕ ከሚኒባስ ተቀብላ መጣችና ፌስታሉን አልጋው ላይ ስትቀደው፣ ገና ከመቀስ የወጣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬ ገባና እኔን የአርባ ዓመቷን ሴትዮ ሳላስበው ወስዶ እናቴ የስፌት መኪና ሥር አስቀመጠኝ።

ደብረ ታቦር ዛሬ የሱቁ በር ሁሉ በሻርፕ ተሸፍኗል። የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹ ሳይቀሩ ከእኔ አሳምረው ተከናንበው ቆመዋል፤ ልጄም ይሄ ለሠርግ፣ ይሄ ለዩኒቨርሲቲ ግቢ እያለች፣ ከቪዲዮ ያየችውን አንዲት አስተሳሰር ለመልመድ መስታወት ፊት ግማሽ ቀን ትገተራለች። በእኛ ጊዜ አስተሳሰሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ንፋስ እንዳይወስደው አገጭ ሥር ጠበቅ ማድረግ።

እናቴ ሐዋ ልብስ ሰፊ ነበረች። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የሰፈራችን ክርስቲያን ሴቶች ቀሚሳቸውን እሷ ጋ ያሰፉና የተረፈውን ቁራጭ "ለልጅሽ ይሁን" ብለው ይተዉላታል። እሷም ዓመቱን ሙሉ በከረጢት ታጠራቅመውና ለዒድ ገጣጥማ ሻርፕ ትሠራልኛለች። እንግዲህ እኔ ትምህርት ቤት የምሄደው የሰፈሩን ቀሚስ ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነበር። በየመንገዱ ያስቆሙኛል፤ አንዷ ጠርዙን ዳሰስ አድርጋ "ይቺ የእኔዋ አበባ አይደለችም?" ትላለች፣ ሌላዋ ከልጇ ሠርግ የተረፈውን ሐምራዊ ፈልጋ ታገኝና ግንባሬን ትስመኛለች። የባሱት ግን በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ ነበሩ፤ የቢጫ ቀሚሳቸውን ቁራጭ ከገበያው ማዶ ያዩና "ነይ እስቲ፣ ቀሚሴን ልሳማት!" ብለው ገበያተኛው እስኪዞር ድረስ ይጣራሉ።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ይህ ሁሉ ፍቅር ያሳፍረኝ ጀመር። የክፍሌ ልጅ ፎዚያ ከዐረብ አገር የመጣ፣ አንድ ወጥ ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋ መጥታ ነበር፤ የማንም ቁራጭ የሌለበት፣ ማንም መንገድ ላይ የማያስቆምበት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔን አውልቄ አጣጠፍሁና ቦዩ ዳር ድንጋይ ጫንሁበት፤ ቤት ገብቼም ንፋስ ወሰደብኝ አልሁ። እናቴ ሥራዋን ጥላ እስኪመሽ ድረስ አጥር ለአጥር ስትፈልግ እኔም ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልሁ አብሬ ፈለግሁ። ዛሬም ሳስበው እሸማቀቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ትርንጎ ሻርፑን አጥበው፣ አድርቀው ይዘውት መጡ።

"ሐዋ፣ ቢጫዬን በሩቁ አወቅኋት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "የዘንድሮ ንፋስ ግን ደግ ነው። አጣጥፎ፣ ድንጋይ ጭኖባት ነው የሄደ።"

እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሻርፑን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ተከተለችና፣

"ከብዶሽ ኖሯል?" አለችኝ።

ለዒድ ሰማያዊ የሱቅ ሻርፕ ተገዛልኝ። ከደስታዬ ብዛት ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርሁበት፤ ያገኘኝ ሁሉ እንኳን አደረሰሽ አለኝ፣ ያስቆመኝ ግን አልነበረም። እትዬ ትርንጎም ከማዶ እጃቸውን አወዛወዙልኝ እንጂ አልተጣሩም። እናቴ ከዚያ ወዲያ ቁራጭ ማጠራቀም ተወች፤ የተረፈውን ከቀሚሱ ጋር ጠቅልላ ለባለቤቱ ትመልስ ነበር። ባለፈው ክረምት ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ይቅርታ ሳልላት ነው የሄደችው፤ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እየኖርን ዛሬ ነገ እያልሁ።

ነኢማ ሻርፑን ዘረጋችው። ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነበር።

"አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው እማዬ" አለችኝ፣ ዓይኔ እንደፈዘዘ አይታ አልወደድሽውም ወይ በሚል ድምፅ።

ከእጇ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ስፌቱን በጣቴ እየተከተልሁ፣ ቢጫ ይኖር ይሆን ብዬ ቁራጭ በቁራጭ ፈለግሁ። ቢጫም ነበረው። የማንም ቀሚስ ግን አልነበረም።